ሱላፋ በእውነት ያገባችው ሰው

ውድ እትዬ ወሰንየለሽ፣

ከካርቱም፣ ከዴም ሰፈር፣ በጥልቅ ሐዘን የሚከተለውን አሳውቅሻለሁ፦ የሬዲዮሽ የጣቢያ መፈለጊያ ቁልፍ ጠፍቷል። ቁጭ በይ፤ ውሃ ጠጪ። የቀረው አካሉ ደህና ነው።

ወደ ቤታችን ከተመለስኩ ሁለት ወር ሆነኝ። በጦርነቱ ዘራፊዎች በትጋት ጎብኝተውታል። የጣራውን ቆርቆሮ ገፈዋል፤ የመብራቱን ሽቦ ከግድግዳው ውስጥ እንደ ጅማት መዘው ወስደዋል። ሬዲዮሽን ግን አንስተው አዩት መሰለኝ፣ ናቁትና ቁልፉን ብቻ ነቅለው ሄዱ። ስንት መንግሥት ሲገባና ሲወጣ ያበሰረ ሬዲዮ እንዲህ ሲናቅ አንድም አገር የተቃውሞ መግለጫ አላወጣም።

አንቺ ጎንደር ሆነሽ ይህን ስታነቢ የምጽፍልሽ ስለ ቁልፍ ከመሰለሽ፣ ዛሬም አታውቂኝም ማለት ነው። ጥፋቴን ልናዘዝ ነው።

ያን ጊዜ፣ ከአርባ ዓመት በፊት በዚህ ግቢ አብረን ስንኖር፣ ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ያወራ ነበር። ጠዋት ቁርኣን፣ ቀጥሎ ዜና፣ ቀጥሎ ለጥጥ ገበሬዎች ምክር። በግቢያችን አንድ ፍሬ ጥጥ ሳይኖር እናንተ የግቢው ሐበሻ ሴቶች ለጥጥ ትል ስትጨነቁ! ረፋድ ላይ ሐኪሙ፣ ከምሳ በኋላ ለዘመድ ሰላምታ የሚልኩት፣ አሥር ሰዓት ላይ ድራማው። ማታ በፉጨት ታጅቦ የአማርኛው ዜና እስኪመጣ ድረስ ጣቢያው ያለ እኔ ከንቱ ነበር፤ የእናንተ ዓረብኛ ከሥጋ ቤት በር አያልፍማ። ነፍሷን ይማርና እናቴ አማርኛ፣ አባቴ ዓረብኛ ስላወረሱኝ፣ በአሥራ አምስት ዓመቴ የግቢው አስተርጓሚ ሆኜ ተሾምኩ።

"ምን አለ?" ትይኛለሽ።

"ሐኪሙ ሻይ ላይ ስኳር አብዙ አለ።"

"ለማን?"

"ለሚያስተረጉም።"

"ውይ ይቺ ልጅ! ስምሽንም ጠራ እንዴ?" ትይኝና ትጨምሪልኛለሽ።

ውሸት የለመድኩት እንዲህ ነው፤ በማንኪያ በማንኪያ።

የድራማዋን ሱላፋን መቼም አልረሳሻትም። እጮኛዋ በመርከብ ሄዶ ቀረ፤ አምስት ዓመት ጠበቀችው፤ የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ደግሞ "አግቢኝ" እያለ ደጅ ይጠናል። አንቺም እጮኛሽን ደመቀን ከጅዳ ስትጠብቂ አራተኛ ዓመትሽ ነበር። ዳቦ ጋጋሪም አላጣሽም፤ በየሐሙሱ ከቡሪ ሰፈር እየመጣ ምንም ያልሆነውን ሬዲዮሽን የሚጠግነው ሲዲግ ነበረልሽ። ሰባት ጊዜ ጠገነው። እንደዚያ የታከመ ጤነኛ አላየሁም።

የድራማው መጨረሻ የዋለውም ሐሙስ ነው። ሲዲግ "አግቢኝ፤ እስከ ነገ መልስሽን ስጪኝ" ብሎሽ ነበር፤ ያስተረጎምኩትም እኔው ነኝ፤ እሱን በትክክል። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አብሮን ሰማ። ሱላፋ በጥሩ ዓረብኛ፣ "ኢንሻአላህ እያልኩ አምስት ዓመት ጠበቅሁ፤ አሁንስ ያላ፣ የራሴን ኑሮ ልኑር" ብላ ዳቦ ጋጋሪውን አገባች።

"ምን አለች?" አልሽኝ። ድምፅሽ ቀጥኖ ነበር።

ለአንቺ አዝኜ፣ ከደመቀ ተስፋ እንዳትቆርጪ ብዬ፣ "እጮኛዋ በባቡር መጣላት! ዳቦ ጋጋሪውን አባረረችው!" አልኩ።

ግቢው በእልልታ ተናጋ። አንቺ አለቀስሽ። አማርኛ የማያውቀው ሲዲግ ግን በጆሮው የሰማው ዳቦ ጋጋሪው ሲያገባ ነውና፣ እልልታውን ለራሱ ወሰደው። ብድግ ብሎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ለሴቶቹ ሁሉ እጅ ነሳ። በአንድ ሬዲዮ ፊት ሁለት ሰርግ ነበር፤ ሁለቱንም የማውቀው እኔ ብቻ። አፌን ግን አልከፈትኩም።

በማግስቱ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ አንድ ካርቶን ባስታ፣ ያንን በሽሮፕ የራሰ ጣፋጭ፣ ተሸክሞ መጣ። "ላ" አልሽው። ለዚያች ቃል አስተርጓሚ አላስፈለገሽም። የባስታውን ግማሽ የበላሁት እኔ ነኝ፤ ይህም ይመዝገብልኝ።

ደመቀ እዚያው ጅዳ አግብቶ መውለዱን የሰማነው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ሲዲግም አግብቶ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ረክሻ፣ የእናንተው ባጃጅ፣ በራችን ላይ ቆመና አንድ ሽማግሌ በቀስታ ወረደ። ሲዲግ! ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ሰላምታውን ሳይጨርስ፣

"ረባብ፣ ሬዲዮዋ አለች?" አለኝ።

"አለች፤ ቁልፏ ጠፋ እንጂ።"

ያኔ ሲጠግን የማይለየውን የብሎንና የቁልፍ ቆርቆሮ ከኪሱ አወጣ። ዛሬም ይዞት ይዞራል! አንድ ቁልፍ መርጦ ገጠመና፣ ሬዲዮዋን ሳይከፍት ጭኑ ላይ አስቀመጣት።

"አርባ ዓመት ያልገባኝን ልጠይቅሽ። ያን ቀን ሴቶቹ ሁሉ እልል አሉልኝ፤ በዓይኔ አየሁ። ታዲያ እሷ ለምን እምቢ አለችኝ?"

እትዬ፣ ዴም ሙሉ በሚፈራው ምላሴ እውነቱን እንደ ምንም ነገርኩት። በሬዲዮዋ ይፈነክተኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ሳቀ። ብዙ ሳቀ። ከዚያ በጥምጥሙ ጫፍ ዓይኑን ጠረገና፣ "ወላሂ፣ እኔ'ኮ ባስታው አንሶ መስሎኝ ነበር" አለ።

ስልክ ቁጥርሽን ለመነኝ። አልሰጠሁትም። በዚህ ጉዳይ ሁለተኛ ጊዜ በአንቺ አፍ አልናገርም። መጀመሪያ እውነቱን አንብቢው ብዬ ነው። የግቢያችን ልጅ ቤቲ በመተማ በኩል ወደ ጎንደር ስለምትመጣ ደብዳቤውን በእጅሽ ትሰጥሻለች፤ የሲዲግ ስልክ ቁጥር ከጀርባው አለ። ልትደውዪለትም፣ ልትተዪውም፣ እኔን ልትረግሚም ትችያለሽ። "እሺ"ም ሆነ "ላ"፣ ዓረብኛሽ ይበቃል።

ከሥራዋ የታገደችው አስተርጓሚሽ፣
ረባብ

እርማት፦ ከላይ ባቀረብነው ዘገባ፣ አስተርጓሚዋ የድራማውን መጨረሻ የለወጠችው ለእትዬ ወሰንየለሽ አዝና እንደሆነ ተገልጿል። ይህ ስህተት ነው። በዕለቱ እናቷ ከሞተች ገና አምስት ወር ሆኗት ነበር፤ አባቷም በሎሪ ወደ ኤል ኦበይድ ከተማ ይመላለስ ነበር። እትዬ ወሰንየለሽ ለሲዲግ ተድራ ቡሪ ብትሄድ፣ "ምን አለ?" ብሎ አስተርጓሚዋን የሚጠይቅ ሰው በቤቱ አይቀርም ነበር። ስለተፈጠረው የአርባ ዓመት መቋረጥ አድማጫችንን ይቅርታ እንጠይቃለን።