ሳልጠየቅ ስለተስማማሁበት ውሳኔ

ለተከበሩ የሕሙማን ማመላለሻ አፕ የምርት ሥራ አስኪያጅ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ኮምፒውተርዎ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? ኩላሊትዎ እንደ ብረት ይጠንክር፤ የእርስዎን መኪና ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅን እንኳን ለእርስዎ ለጠላቴም አልመኝም።

እኔ ታላቅ እህቴን ለኩላሊት እጥበት የማመላልስ፣ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ። መኪና የምንጠራው በእርስዎ አፕ ስለሆነ፣ በቅርቡ ላደረጉልን ማሻሻያ ላመሰግንዎ ብዕር አነሣሁ። ምስጋናው ስለበዛብኝ በተራ ቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

1. ለሹፌሩ የምንደውልባትን ቁልፍ ስላነሡልን እናመሰግናለን። ዳታው ሲታይ ብዙ ሰው አይነካትም ብለው በገጻችሁ ላይ ጽፈዋል። እውነትዎን ነው፤ ደህና በዋልንበት ቀን ምን ልንል እንደውላለን? የእሳት ማጥፊያውንም እኮ በየቀኑ የሚነካው የለም፤ ከቢሮዎ ግድግዳ ላይ እስካሁን አለመንቀልዎ ነው የገረመኝ።

2. በቁልፏ ፋንታ ስለሰጡን፣ በጽሑፍ ስለሚመልስልን አዛኝ ማሽን እናመሰግናለን። ባለፈው ሐሙስ መንገዳችን ለቧንቧ ተቆፍሮ ስለነበር ሹፌሩ ከሕንጻው ጀርባ ቆመ፤ እኛ ደግሞ ከፊት ለፊት። እህቴ እግሯ አብጦ ነጠላ ጫማ እንኳ አልገባ ብሏት ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ስልኩ መኪናዎ ደርሷል ይላል፤ መኪና ግን የለም። ማሽኑን መኪናው የት ነው ያለው ብዬ ስጠይቀው፣ ስሜትዎን እረዳለሁ አለኝ። ኧረ በፈጠረህ የቱ ጋ ነው ስለው፣ ትዕግሥትዎን እናደንቃለን አለኝ። ግድግዳ እኮ ቢያንስ ዝም ይላል! ሹፌሩ ጠብቆ ጠብቆ ሄደ፤ አልፈርድበትም፣ እሱም የሚደውልበት የለውም። አፑ ተሳፋሪዋ አልቀረበችም ብሎ መዘገበ፤ የእጥበት ተራዋም አለፈ። እስከሚቀጥለው ተራ ድረስ እህቴ ሰውነቷ ውስጥ እንዳይጠራቀምባት ውሃን እንደ መርዝ እየፈራች፣ እኔ ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ እያበስኩላት ከረምን።

3. ቁልፏ ከተነሣች ወዲህ የስልክ ቅሬታ ጠፋ ብለው፣ ወደ ታች በምትወርድ አረንጓዴ መስመር አስደግፈው ደስታዎን ስላካፈሉን እናመሰግናለን። ሕፃን ቤት ውስጥ ቆልፈውበት ወጥተው፣ ልጁ ሲያለቅስ አልሰማሁም እንደ ማለት ነው፣ ክቡርነትዎ።

4. ይህችኛዋን የእህቴ ልጅ ከገጻችሁ ላይ ባታስነብበኝ ኖሮ አላምንም ነበር። ድሮ ሰዎቻችሁ ቤት ለቤት እየዞሩ ተጠቃሚውን ይጠይቁ እንደነበርና ሥራው ወራት ይፈጅ እንደነበር፣ አሁን ግን ኤአይ በሰው አምሳል የፈጠራቸውን ተጠቃሚዎች ጠይቃችሁ በአንድ ከሰዓት እንደጨረሳችሁ ጽፈዋል። ከእነሱ አንዷ ዕድሜዋ ከአርባ ያለፈ፣ ትምህርቷ አነስተኛ፣ የታመመ ዘመድ የምታስታምም ሴት ናት። ቁልፏ ብትነሣ ቅር ይልሻል ወይ ስትባል፣ ምን ቅር ይለኛል፣ እንዲያውም ይቀለኛል አለች። እሰይ! እኔን ሆና በእህቴ ላይ ፈረደች! ይህቺ ሴት በሽተኛ ደግፋ ደረጃ አልወረደች፣ የታመመ ሰው ላብ አልሸተታት፣ ሌሊት እህቷ ትተንፍስ አትተንፍስ ብላ ጆሮዋን አላስጠጋች። ሰው ጠፍቶ ነው ወይ? እኛ እኮ አለን፤ ብትመጡ ኖሮ መቀመጫ አንነፍጋችሁም ነበር።

እንግዲህ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። መንገዱ አሁንም እንደተቆፈረ ነው፤ ሰኞ የእህቴ ተራ ነው፤ ሐኪሟ ደግሞ ሌላ ተራ ካለፋት ልቧ እንደማይችለው በግልጽ ነግሮናል። ቁልፏን ከሰኞ በፊት ይመልሱልን። ዳታው እንዲያምርልዎ ከሆነ፣ ጉዳይ ኖረኝ አልኖረኝ ጠዋት ማታ ልነካት ቃል እገባለሁ።

ከታላቅ አክብሮት፣ ከተንጠፈጠፈ ትዕግሥትና ማንም በእኔ ፋንታ ካልፈጠረልኝ ከገዛ ራሴ ንዴት ጋር፣

ሥጋና ደም የለበስኩ ተጠቃሚዎ፣
የታማሚዋ ታናሽ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ሳነብላት እህቴ ጎኗን ይዛ እስኪያማት ሳቀችና አንድ መልእክት አድርሺልኝ አለች። የእሷንም አምሳያ ሠርታችሁ ከሆነ፣ እባካችሁ ኩላሊቷን ጤነኛ አድርጋችሁ ሥሩላት፤ ቢያንስ ከሁለታችን አንዳችን በእናንተ መኪና ከመንከራተት እንድትተርፍ።