እሳት ውስጥ የተሣለችው ሳቂታ

ለውድ አባቴ፣

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ይዞዎታል? ዓይንዎስ? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ጠብታ ያደርጋሉ ወይስ እንደ ልማድዎ መደርደሪያ ላይ ረስተውታል? መሰላል ሲወጡ ከሥር የሚይዝልዎት ሰው አለ? እኔ እጄም እግሬም ደህና ነው። ደህና ያልሆነው ልቤ ነው፤ እሱን ልንገርዎት።

ወንድሜ ደውሎ የእህቴን የሳቂታን ሞት አረዳኝ። እርስዎ ሲሰሙ «ለኔ ከሞተች ቆየች» ብለው ቀለም ወደ መበጥበጥዎ ተመለሱ አሉ። የጸሎት ቤቱ ጣሪያ አፍስሶ የኩነኔው ሥዕል ያለበት ግድግዳ ስለተበላሸ፣ ፍቀው እንደ አዲስ ሊሥሉት መሆንዎንም ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለኝም።

አባባ፣ ሰው ሁሉ እያወቀ ያልተናገረውን ልናገር። ሳቂታ ባለትዳሩን ሹፌር ተከትላ የሄደች ጊዜ ፎቶዎቿን ሰብስበው አቃጠሉ። በዚያው ሰሞን ግድግዳውን ይሥሉ ነበርና በዝሙት ከሚነዱት መካከል አድርገው ሣሏት። አገር ምድሩ አወቃት። እኛም አንገታችንን ደፍተን ኖርን።

እማዬ ከሰው ሁሉ ቀድማ ገብታ እዚያ ግድግዳ ሥር የምትቆመው ለጸሎት ብቻ ይመስልዎታል? አንድ ፎቶ እንኳ አላስተረፉላትም። ልጇን የምታያት እዚያ ነው።

የማስታምማቸው ሽማግሌ ገጣሚ መሆናቸውን ነግሬዎት ነበር። ሾርባው ሲሞቅ ልትገድዪኝ ነው፣ ሲበርድ ናቅሽኝ የሚሉ ነጭናጫ ናቸው። ባለፈው አንሶላ ስቀይርላቸው የድሮ ግጥማቸውን በቃላቸው አወረዱት። በግጥሙ ወዲያኛው ዓለም ይሄዳሉ። በፍትወት የተኮነኑ ወንድና ሴት ዳግመኛ እንዳይተያዩ ጀርባ ለጀርባ ታስረው ያገኛሉ። እሳቸውም ከአንዱ ወደ አንዱ እየተመላለሱ፣ ለሷ የሱን ፊት፣ ለሱ የሷን ፊት ይነግራሉ፤ እየነገሩም ያለቅሳሉ። መልአኩ ቢቆጣቸውም አይተዉም።

እኔ የእርስዎ ልጅ አይደለሁ? ደሜ ፈላ። እግዜር ለፈረደባቸው ምን አስለቀሰዎት፣ ከሱ ይበልጥ ሊያዝኑ ነው ወይ አልኳቸው። ሽማግሌው አልተቆጡም። ፍርዱ የሱ ነው፣ እንባው ግን የኔ ነው፤ እንባህን ዋጥ ያለኝ የለም አሉኝ። አንሶላውን እንደታቀፍኩ ወጥቼ፣ የውሃውን ቧንቧ ከፍቼ፣ ለሳቂታ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ።

የጠላ ሰው ፍንጭቷን እንዲያ አስተካክሎ አይሥልም፣ አባባ። አንገቷ ላይ ማርያም የሳመቻትን ምልክት እንኳ አልረሱም። ከተኮነኑት ሁሉ መካከል ከማንም ሳይገለብጡ፣ ከልብዎ አውጥተው የሣሉት ያን ፊት ብቻ ነው።

ከእሳቱ አውጧት አልልዎትም፤ እሱ ከኔም ከእርስዎም አቅም በላይ ነው። የምለምንዎት በአዲሱ ግድግዳ ላይም መልሰው እንዲሥሏት ነው። እማዬ ልጇን የምታይበትን አያጥፉባት። ከቻሉ ደግሞ አጠገቧ ቆሞ የሚያለቅስላት አንድ ሽማግሌ ይጨምሩ። ፊቱ እንዴት ይሁን ካሉ፣ የጢም መላጫዎ መስታወት ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ወንድሜን መሰላሉን አጥብቀህ ያዝ ይበሉልኝ፣ ሚስቱንም እንኳን ማርያም ማረችሽ ይበሉልኝ። ለአክስቴ፣ ወሬዋ ናፍቆኛልና ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ሳቂታንም፣ የድሮውን ልስን መፋቅ ሳይጀምሩ፣ ሰው በሌለበት ጠጋ ብለው ጉንጯን ይሳሙልኝ። እኔ አልደርስባትም።

ልጅዎ

ከገጣሚው ቤት፣ ከማብሰያው ክፍል
ኅዳር ፲፪ ቀን