ጠበል ነው ያልኩት ኩሬ

ነሐሴ 11፣ ጋፋት

ዛሬ ቀልዴ ሰው ሊገድል ነበር።

ወንድሜ አያሌው ስንዴውን የአረም መድኃኒት ረጭቶ ሲጨርስ፣ እንደ ልማዱ መርጫውን ኩሬው ውስጥ አጠበ። ሰንበትበት ብሎ ውሃውን የሸፈነው አረንጓዴ ዋቅላሚ ነጣና ሰመጠ፤ ውሃው ጠርቶ ከታች ያለው ጠጠር ሳይቀር ታየ። እኔ ታዲያ ምላሴ አያርፍ፣ ትናንት ጎረቤታችንን እማሆይ ጥሩን «ጠበል ፈልቋል፣ የፍልሰታን ሱባዔ እዚሁ ይጨርሱ» አልኳቸው። ስቄ ረሳሁት።

ዛሬ ጠዋት ሴቶች አስከትለው፣ ጀሪካን ይዘው ኩሬው ዳር ደረሱ። ሮጥኩ።

«እማሆይ፣ አይጠጡት! መርዝ አለበት!»

«ትናንት ጠበል፣ ዛሬ መርዝ? አንተ ቀልማዳ፣ የቱን ልመንህ?»

«ዋቅላሚውን የገደለው እኮ የአያሌው መርጫ ነው!»

«ቆሻሻውን ያጠራ ውሃ እንዴት መርዝ ይሆናል?» አሉና በቅል ቀዱ።

ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠ ሰው ይህን እንዴት ብሎ ያስረዳል? ቅሉ አፋቸው ሊደርስ ሆነ። ዳር ካለው ክምር እበት ዘግኜ ቅላቸው ውስጥ ከተትኩት፤ ከዚያ እየዛቅኩ ወደ ኩሬው ወረወርኩ። ሴቶቹ ጮኹ። እማሆይ በመቋሚያቸው ጀርባዬን አቀመሱኝ፤ «ሰይጣን ገብቶበታል!» እያሉ ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ተመለሱ።

ጀርባዬ ያቃጥላል። ግድ የለም፣ ከእንግዲህ ከዚያ የሚቀዳ ሰው የለም። አያሌው ግን ወንዙ ስለሞላ ነገ ከብቶቹን ከኩሬው ሊያጠጣ ነው። «ተው» ስለው «ደግሞ ምን ልትቀልድ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ላሞች እበት አይጸየፉም።