ያላስገባሁት ፎርም

የሺዬ፣

ከተለየሽን አሥራ አራት ወር ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ መቃብርሽ ጋ እየመጣሁ የቤቱንም፣ የሥራውንም፣ የጉልበቴንም ሕመም ሳይቀር ነግሬሻለሁ። አንድ ነገር ግን ደብቄሻለሁ። በሕይወት ሳለሽም ደብቄሻለሁ። የልጃችን የረድኤት የጨዋታ ፎርም የዩኒቨርሲቲው ስፖርት ቢሮ ውስጥ አልጠፋም። እኔ ነኝ ያላስገባሁት።

ይህን ጽፌ ተነሣሁ፣ መስኮቱ ጋ ትንሽ ቆምኩና ተመለስኩ። እንግዲህ ከጀመርኩ ልጨርሰው። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ነገሩ ቢወላገድብኝ አንቺ እንደ ልማድሽ አቃኚው።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። ረድኤት ወጥታለች። ቦከንሃይም ሰፈር ከሦስት ተማሪዎች ጋር ቤት ተጋርታ ትኖራለች፤ እሑድ እሑድ ትመጣና ምሳ በልተን ትሄዳለች። እኔ ያው ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ አውሮፕላን አጸዳለሁ። ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያው ክፍል በር ላይ የተለጠፈው የተራ ወረቀት ማክሰኞን አሁንም በአንቺ ስም ነው የያዘው። የሕንፃው ተቆጣጣሪ፣ ሃውስማይስተሩ፣ ሊቀይረው ሲል ተወው አልኩት። ሽሮ መሥራት ለምጃለሁ። ጨው ስረሳ ረድኤት በፊት በፊት ትስቅብኝ ነበር፤ አሁን ዝም ብላ ተነሥታ ጨው ታመጣለች። ከሁሉ የከበደኝ ይሄ ዝምታዋ ነው። ከየት እንደመጣ ደግሞ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ያ ፍላግ ፉትቦል የሚሉት ጨዋታ ከመጀመሪያው አልተዋጠልኝም፤ ታስታውሻለሽ። እንቁላል በመሰለው በአሜሪካኖቹ ኳስ ነው የሚጫወቱት፤ መጋጨትና መጣጣል ግን የለበትም። ሁሉም ወገቡ ላይ ቀበቶ ይታጠቃል፤ ከቀበቶው ግራና ቀኝ ጨርቅ ይንጠለጠላል። ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ማስቆም የፈለገ ጨርቁን መንጭቆ ይነቅላል፤ ጨርቁ የተነቀለበት ባለበት ይቆማል። ወንድና ሴት ተቀላቅለው ነው የሚሰለፉት። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች እርስ በርሳቸው ይጋጠማሉ፤ ሜዳውም እዚሁ ጊንሃይም፣ ከቤታችን አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። መጀመሪያ ያየሁ ቀን አንዱ ጎረምሳ ወደ ልጃችን ወገብ እጁን ሲሰድ በቁሜ ደነዘዝኩ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ቢያይ ምን ይላል ስልሽ፣ "አንተ ሰውዬ፣ የሚነጥቁት ጨርቁን ነው እንጂ ልጅህን አይደለም!" ብለሽ እስክትታመሚ ድረስ ስትስቂብኝ ኖርሽ።

ከዚያ ታመምሽ። ረድኤት አንቺን ለማስታመም የአንድ ሴሚስተር ኡርላውብ፣ የትምህርት ዕረፍት፣ እወስዳለሁ አለች። አንቺም ከአልጋሽ ቀና ብለሽ፣ ኡርላውብ ከወሰድሽ መጫወቱስ ብለሽ ጠየቅሻት። ሕጉ ኡርላውብ ላይ ያለ ተማሪ በሊጉ አይሰለፍም እንደሚል ስትነግርሽ ተቆጣሽ። "በእኔ አልጋ ምክንያት ስምሽ ከየትም አይሰረዝም። ተማሪ፤ ተጫወቺም። እኔም መጥቼ አይሻለሁ" አልሻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቱ ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት ሆስፒታል ሆነች። አልጋሽ አጠገብ ተቀምጣ ሕጉን አንድ በአንድ ታስጠናሽ ነበር። ነጠላሽን ቀበቶዋ ውስጥ ሰክታ በክፍሉ ውስጥ ስትዞር፣ አንቺ ከተኛሽበት እጅሽን ዘርግተሽ ስትመነጭቂ፣ ነርሷ በሩ ላይ ቆማ ስትስቅ አይቻለሁ። ጨርቁን በእጅ መሸፈን ክልክል ነው ስትልሽ፣ "አባትሽ ቢጫወት ኖሮ በሁለት እጁ ይዞት ነበር የሚሮጠው" አልሽ። ሦስታችንም ሳቅን። ከልቤ የሳቅሁበት የመጨረሻው ቀን ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። የቡድኑን ስም ዝርዝር አምበላቸው ሌና በኢንተርኔት ትሞላለች። ግን እያንዳንዱ ተጫዋች የተማሪነት ማስረጃውንና በገዛ እጁ የፈረመበትን ፎርም በወረቀት ማስገባት አለበት። ቀኑ አርብ ነበር፤ ቀትር ላይ ይዘጋል። ረድኤት ያን ዕለት አንቺን ለምርመራ ይዛ መሄድ ስለነበረባት፣ የታሸገውን ፖስታ ዋዜማውን ለእኔ ሰጠችኝ። "አባዬ፣ ከሥራ ስትወጣ ስፖርት ቢሮው ሳጥን ውስጥ ክተትልኝ፣ ቢተ፣ እባክህ" አለችኝ።

በማግስቱ ከፈረቃዬ ቀደም ብዬ ወጥቼ ስፖርት ቢሮው በር ላይ ደረስኩ። ቀትር ሊሆን ገና ሩብ ሰዓት ይቀረው ነበር። ያን ሳምንት ሐኪምሽ ተስፋ የሚለውን ቃል መጠቀም ትቶ ነበር፤ ለአንቺ አልነገርኩሽም፣ ለረድኤትም አልነገርኳትም። ሳጥኑ ፊት ቆሜ ፖስታውን ዘረጋሁ። እጄ አልለቅ አለ። ከዚያ በሆዴ፣ "ገብርኤል ሆይ፣ የሺን ከአልጋዋ ካነሣህልኝ፣ ልጄ ይህን ጨዋታ ትተዋለች" ብዬ ተሳልኩ። ፖስታውን ጃኬቴ ውስጥ መልሼ ወደ ቤት ሄድኩ። ዳዊቴ ውስጥ ከተትኩት። ማታ ረድኤት ስትጠይቀኝ "አስገብቻለሁ" አልኳት። ደግሞም በሰላም ተኛሁ፣ የሺዬ። ይሄ ነው የሚገርመኝ። የጽድቅ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በቀረው አንቺም ነበርሽበት። ለጥቂት ቀን ወደ ቤት እንድትመለሺ ፈቅደውልሽ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ሜዳው ዳር አደረስኩሽ። ብርድ ልብሱን እስከ አገጭሽ ስቤልሽ ነበር። ረድኤት ቀበቶዋን ታጥቃ፣ ሸሚዟን ቁምጣዋ ውስጥ ከትታ፣ እጇን እያውለበለበችልሽ ተሰለፈች። ዝርዝር የያዘችው ልጅ የእያንዳንዱን የተማሪ ካርድ እያየች፣ ጣት እንዳይሰበር ቁምጣቸው ኪስ የሌለው መሆኑን እያረጋገጠች መጣች። ረድኤት ጋ ስትደርስ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገች። ስሟ የለም። ሌና ተከራከረች፣ ለመነች፣ ጮኸችም። ዝርዝር የያዘችው ልጅ ራሷ ልታለቅስ ደርሳ ነበር፤ ግን ስሙ የሌለ ሰው ከተሰለፈ ጨዋታው ለተጋጣሚ ይሰጣል፤ ዝርዝሩ አንዴ ከተዘጋ ደግሞ እስከሚቀጥለው ውድድር አይከፈትም። ሜዳ ከሚገቡት አምስት ሰዎች ሁለቱ ሴቶች መሆን ስላለባቸው፣ ረድኤት ስትቀር ሌና ብቻዋን ሆነች፤ ቡድኑ በአራት ሰው ተጫወተ። ተሸነፉ።

ልጅቱ መጥታ እግርሽ ሥር ሣሩ ላይ ተቀመጠች። አንቺም፣ "እንደ እድራችን ነው በያ! ስምሽ መዝገብ ላይ ከሌለ ብታለቅሺም ድንኳን አይተከልልሽም" አልሻት። እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ ጸጉሯን እየነካካሽ፣ "ወረቀት ይጠፋል፤ እነሱም ሰው ናቸው። በሚቀጥለው አይሻለሁ" አልሻት። እኔ ከኋላሽ የወንበሩን እጀታ ይዤ ቆሜ ነበር። ዞር ብለሽ አላየሽኝም። ብታዪኝ ኖሮ ታውቂብኝ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት እሑድ ብቻ ነው የቆየሽው።

ካለፍሽ በኋላ የሊጉን ሕግ ከረድኤት ክፍል አግኝቼ በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ አነበብኩት። ለምን መሰለሽ? ያለ እኔም ጥፋት መሰለፍ አትችልም ነበር የሚል አንድ መስመር ፍለጋ ነው። በዚያ ሴሚስተር የተመዘገበ ተማሪ መሆን አለበት ይላል፤ ተመዝግባ ነበር። ኡርላውብ ላይ መሆን የለበትም፤ አልነበረችም። ለሁለት ቡድን መፈረም አይቻልም፤ ለአንድ ነው የፈረመችው። ከውጭ ክለብ የተጫዋችነት ፈቃድ ያላቸው በአንድ ቡድን ከሁለት መብለጥ የለባቸውም ይላል፤ እሷ ክለብ የሚባል ነገር አታውቅም። ሁሉንም ታሟላ ነበር። ሕጉ አልከለከላትም፣ አባቷ ነው የከለከላት።

ስለ ስለቱም ብዙ አሰብኩ። ገብርኤልን የለመንኩት ስለ አንቺ ነበር፤ ይሄ እውነት ነው። ግን ሌላ ነገር ልሳል እችል ነበር። መጾም እችል ነበር፣ በእግሬ መሄድ እችል ነበር። ከሁሉ መርጬ እሷ የምትወደውን፣ እኔ የማፍርበትን ነገር አነሣሁ። ከራሴ ምንም ሳይጎድል፣ የጠላሁትን ነገር በአንቺ ሕመም ስም ላስወግድ ነበር። ይህን ለማመን ዓመት ፈጀብኝ።

ከአምስት ሳምንት በፊት እሑድ ምሳ ላይ ሌና ደወለች። አዲስ ውድድር ሊጀመር ነው፣ ሴት ጎድሎናል ትላለች። ረድኤት አልፈልግም ብላ ስልኩን ዘጋች። ይህ የመጨረሻ ሴሚስተሯ ነው፤ ከተመረቀች በኋላ ተማሪ ስላልሆነች ሊጉ አይቀበላትም። ለምን አትጫወቺም አልኳት። ሳህኗን እያየች፣ "ያኔ ፎርሙ አልጠፋም፤ እኔ ነኝ ፋልሽ፣ አሳስቼ፣ የሞላሁት። በእኔ ጥፋት እማዬ ሳታየኝ ሄደች" አለችኝ። አሥራ ሦስት ወር ሙሉ ይህን ተሸክማ ኖራለች። እኔም ከፊቷ ተቀምጬ እንጀራዬን ጎረስኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለንስሐ አባታችን ተናዘዝኩ። አባ እስክጨርስ ድረስ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ። "ሰው ከራሱ ነው የሚሳለው። አንተ ከልጅህ ነጥቀህ ነው የተሳልከው፤ እንዲህ ያለውን ገብርኤልም አይቀበልህም" አሉኝ። ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ጉልበቴን እያሰብኩ ስንት ይሆን እያልኩ ነበር። ገባቸው መሰለኝ፣ "ስግደት ብሰጥህማ ደስ ይልሃል፤ ሰግደህ ትገላገለዋለህ። አልሰጥህም። ቀኖናህ ለልጅህ መንገር ነው" አሉ። ከዚያ በኋላም ሦስት እሑድ አሳለፍኩ፣ የሺዬ። በየሳምንቱ ምሳ ሠራሁ፣ በየሳምንቱ ጨው ረሳሁ፣ በየሳምንቱ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ዝርዝሩ አርብ ቀትር ይዘጋ ነበር። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ወደ ቤት አልሄድኩም፤ በሥራ ልብሴ ቦከንሃይም ወረድኩ። ሳልደውል ሄጄባት ስለማላውቅ በሩን ስትከፍት ሰው የሞተ መስሏት ደነገጠች። ወጥ ቤት ገብተን ተቀመጥን። ጠዋት ከዳዊቴ አውጥቼ የያዝኩትን ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳጥኑንም፣ ስለቱንም፣ ማፈሬንም፣ ሜዳ ላይ ከኋላሽ ቆሜ ዝም ማለቴንም። ከፍታ ፊርማዋን አየች። ፎርሙን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። አንድም ስሕተት አልነበረበትም።

ፎርሙን ፖስታው ውስጥ መለሰችው። ከዚያ፣ "እማዬ ታውቅ ነበር?" አለችኝ። አታውቅም አልኳት። ተነሥታ በሩን ከፈተችልኝ። ደረጃው ላይ ስደርስ ነው ከኋላዬ የተናገረችው፤ ምን እንዳለች መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ።

ፎርም አስገብታ እንደሆነ አላውቅም። ትናንት እሑድ አልመጣችም። ስልክም አልደወለች። እኔም አልደወልኩም፤ ልጠይቃት የሚገባኝ ሰው አይደለሁም። ምሳውን ለብቻዬ በላሁ። ካሁን በኋላ በጸሎት ስምሽን ስጠራ ያን የሜዳውን ቀን እንደነበረው አስበዋለሁ። ጥሩ ባል መስዬ የቆምኩበትን ሥዕል አላስታውስም፤ አንቺ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነሽ ልጅሽን ስታጽናኚ፣ እኔ ከኋላ እውነቱን ይዤ ዝም ስል ነው የማስታውሰው። እስክንገናኝ ድረስ አልለውጠውም።

ረድኤት ደረጃው ላይ ያለችኝ ይህን ነው፤ "ለእማዬም ንገራት።"

ነገርኩሽ፣ የሺዬ።