አቶ ዲንሳ ቃልቤሳ እና ለልጃቸው ለፈነት የደረሱት ሙዚቃ

አቶ ዲንሳ ቃልቤሳ ከአባታቸው ከአቶ ቃልቤሳ ጅሬኛ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፋዮ ዋቁማ በሚያዝያ ወር 1942 ዓ.ም. በወለጋ፣ ደምቢ ዶሎ ተወለዱ። ክላርኔት መንፋት የጀመሩት በተማሩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በ1960 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተው በፖሊስ የሙዚቃ ክፍል ተቀጠሩ፤ ለሃያ ሰባት ዓመታትም ክላርኔት ተጫወቱ፣ ኖታ ጻፉ። በ1976 ዓ.ም. ከወ/ሮ የሺሀረግ እሸቴ ጋር ትዳር መሥርተው ፈነትንና ሜቲን ወለዱ።

እ.ኤ.አ. በ1995 ከነቤተሰባቸው ወደ ሚኒሶታ መጥተው ሆፕኪንስ ተቀመጡ። ሴንት ሉዊስ ፓርክ በሚገኝ ሆቴል የላውንድሪ ሥራ ሠሩ። ክላርኔታቸውን ለፈነት ሰጧት፤ እሷም በትምህርት ቤቷ ባንድ ተጫወተችበት። ቤት ስትለማመድ ከተሳሳተች፣ ከወዲያኛው ክፍል ሆነው ግድግዳውን በጣታቸው መታ መታ ያደርጉላት ነበር።

ፈነት እ.ኤ.አ. ማርች 2004 በአሥራ ሰባት ዓመቷ በደም ካንሰር አረፈች። አቶ ዲንሳ ከዚያ ወዲህ ሙዚቃ አልሰማም አሉ። በዓመቱ የፈነት የሙዚቃ መምህርት ቤታቸው ድረስ መጥተው፣ የትምህርት ቤቱ ባንድ በትንፋሽ መሣሪያዎች የሚጫወተው የመታሰቢያ ድርሰት እንዲጽፉላት ለመኗቸው። ብዙ ካንገራገሩ በኋላ እሺ አሉ።

ድርሰቱ የሰው ልጅ የሕይወት ዑደት ነበር፤ ልደት፣ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት። ሦስቱን በአንድ ክረምት ጨረሱ። የጉልምስናው ክፍል ግን ዓመት ሙሉ ባዶ ወረቀት ሆኖ ቆየ። ወ/ሮ የሺሀረግ ምክንያቱን ሲጠይቋቸው፣ «እሷ ያልኖረችውን ከየት አምጥቼ ልጻፈው?» አሏቸው።

ወ/ሮ የሺሀረግም፣ «አንተ ኖረኸው የለም እንዴ? የራስህን ጻፍና ስጣት» ብለው መለሱላቸው።

ጻፉት። የፖሊሱን ሰልፍ፣ ሠርጋቸውን፣ የሆቴሉን የማጠቢያ ማሽን ድምፅ ሳይቀር አስገቡበት።

እ.ኤ.አ. ሜይ 2007 ድርሰቱ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ቀረበ። እሳቸውም የፈነትን ክላርኔት ይዘው ከተማሪዎቹ መሐል ተቀመጡ። የመጨረሻው ክፍል ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ አጠራቸውና መሣሪያውን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ልጆቹ ጨረሱላቸው። እኛ ሐዘኑ መስሎን ነበር። በዚያው በጋ ግን ሳንባቸው ክፉኛ መታመሙ ታወቀ።

ከአንድ ዓመት በላይ ሲታከሙ ቆይተው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 2008 በተወለዱ በ58 ዓመታቸው አረፉ። ከባለቤታቸው ከወ/ሮ የሺሀረግ፣ ከልጃቸው ከሜቲ እና ይህን ከጻፍኩት ከታናሽ ወንድማቸው ከኃይሉ በሥጋ ተለይተዋል። ዛሬ ከፈነት ጎን ይቀበራሉ።

የሰጣቸውን ትንፋሽ መልሶ የወሰደ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በዕረፍቱ ይቀበልልን፤ የቀሩትንም ያበርታልን።

ሜቲ ድርሰታቸው በዚህ ቀን እንዲሰማ አስቀድማ ጠይቃቸው ነበር። «እሱ የፈነት ነው፤ ለእኔ መዝሙር ይበቃኛል» አሏት። ስለዚህ አሁን ተነሥተን እንዘምርላቸው።