ወፍጮዋን አትፈልጋት

ዱጋሳ፣

ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቀው። ላምባ አልቋል።

ወፍጮዋን አትፈልጋት፤ ይዣት ሄጃለሁ። ትናንት ከኤግዚቢሽኑ ስንመለስ «ማገዶ ትሁን» ስትል ሰምቻለሁ። ስምንት ወር የለፋህባት ሞዴል ስትነድ ግን ማየት አልችልም። መዘውሯን በጋቢዬ ጠቅልዬዋለሁ።

የሞዴል ሥራ ክበባችን ዓመታዊ ኤግዚቢሽን ስንት ጊዜ ቀኑ እንደተለወጠ ታውቃለህ። አዳራሹን አንዴ ለስብሰባ፣ አንዴ ለኪነት ልምምድ እየወሰዱብን ፕሮግራሙን ሦስት ጊዜ በእጄ ጻፍኩ። ስድቡን የጠጣሁት እኔ ነኝ። አንተም ሰድበኸኛል።

ከቅዳሜ ወደ እሑድ ሲዛወር «ደንዲ ለአባትህ እኔ መልእክት እልካለሁ» ብዬህ ነበር።

ረሳሁት።

አባትህ ቅዳሜ መጥተው ነበር። አንተ ትምህርት ቤት ፈተና ታርም ነበር። አዳራሹ በር ላይ ቆመው «የልጄን ወፍጮ ለማየት ነው የመጣሁት» አሉኝ። ያን ቀን ሰው ሁሉ ስለ ፕሮግራሙ ሲነዘንዘኝ ነው የዋለው። «ኦቦ ኤጄታ፣ ተዛውሯል፤ ነገ ይምጡ» አልኳቸው። ለከብቶቹ ጠባቂ ስለሌላቸው ነገ መምጣት እንደማይችሉ እያወቅሁ። «ቶሌ፣ ይሁን» ብለው ወደ አውቶቡሱ ተመለሱ።

እሑድ አጠገብህ ባዶ ወንበር አስቀምጠህ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቅሃቸው። «ሥራዬን ንቀው ነው የቀሩት» ስትለኝም አፌን አልከፈትኩም።

ዛሬ ወፍጮዋን ደንዲ ወስጄ አሳያቸዋለሁ። ነገ እመለሳለሁ፤ በሩን ብትዘጋብኝም አልቀየምህም።

ቤታችን ከአዳራሹ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ቅዳሜ ወፍጮዋ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነበረች። የቤቱ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ደግፌ