ጳጉሜን የማያውቀው ሲስተም

ሰኞ

ቢጫ ወረቀት አደሉን። አሠልጣኙ ዮናስ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ፈገግታው የማያልቅ ልጅ፣ «ሌላ ሰው የማያውቀውን፣ እናንተ ብቻ የምታውቁትን ሥራ ጻፉ» አለን። ለምን? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የኢንሹራንሳችንን ሲስተም ዘጠኝ ዓመት ደግፌ ያቆምኩት እኔ ነኝ። አሁን ሲኤምሲ አዳራሽ ተከራይተው፣ ትልቁ ሲስተም በየሥራው ወደ ትናንሽ አገልግሎቶች ይከፈላል ይሉኛል። ሲከፈል የኔ ድርሻ የቱ ነው?

«የይለፍ ቃል መቀየር» ብዬ ጽፌ እንደ ሌሎቹ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። እሱንማ የበሩ ጥበቃም ያውቀዋል።

ማክሰኞ

ዮናስ የታክሲ ምሳሌ አመጣ። «ሹፌሩ ይነዳል፣ ረዳቱ ይጣራል። ረዳቱ መሪ አይነካም። አገልግሎቶችም አንዱ ሌላውን ይጠይቃል እንጂ ገብቶ አይጎረጉርም።» ምሳሌው ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን ሲናገር ሥራ አስኪያጃችንን አቶ ግርማን አየ፤ አቶ ግርማ ደግሞ እኔን አዩ። ሁለት ጊዜ።

በሻይ ሰዓት ሁለቱ ደጅ ቆመው ሲያወሩ ስጠጋ ዝም አሉ። አቶ ግርማ «ሳምቡሳው ጥሩ ነው፣ ቅመሺ» አሉኝ። ቅመሺ ብለውኝ አያውቁም።

ረቡዕ

የደበቅኩትን እዚህ ልጻፈው። ሲስተማችን ከውጭ የመጣ ነው፤ ለእሱ ዓመት አሥራ ሁለት ወር ነው። ጳጉሜን አያውቅም። ውላቸው ጳጉሜ ውስጥ የሚያልቅ ደንበኞችን ሁሉ መስከረም አንድ ላይ ይቆልላቸዋል። የቀን ስሌቱ በሲስተሙ ውስጥ በየቦታው ስለተበተነ አንዱን ጋ ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። ስለዚህ በየዓመቱ ጳጉሜን ቢሮ ተቀምጬ አንድ በአንድ በእጄ አቃናለሁ። እንቁጣጣሽን ደሴ እማዬ ቤት ከዋልኩ ዘጠኝ ዓመቴ። «መሥሪያ ቤቱ አግብቶሻል እንዴ?» ትለኛለች።

ሰልችቶኛል። ግን የሚፈልጉኝም ለዚሁ ነው። ከነገርኳቸው ምን ይቀረኛል?

ሐሙስ

በቡድን አንድ አገልግሎት ሠርታችሁ ነገ አሳዩ ተባልን። አጠገቤ የምትቀመጠው ሰሚራ «የቀን አገልግሎት ይሁን፤ ቀን የፈለገ ሁሉ እሱን ብቻ ይጠይቅ» አለች። ማን ነገራት?

ማንም። ሠርታ ስትጨርስ አየሁት፤ አሥራ ሁለት ወር ብቻ አስገብታለች። እሷም ከሲስተሙ ጋር ኖራ ኖራ ጳጉሜን ረስታለች! ነገ በአቶ ግርማ ፊት ይወድቃል። ዝም ካልኩ እኔ እተርፋለሁ፣ ሰሚራ ትዋረዳለች። ባቡር ውስጥ እስከ አያት ቆሜ ይሄንኑ ሳሰላ ቆየሁ። በራሴ አፈርኩ።

ዓርብ

ጠዋት ሰሚራን ወደ ጥግ ጎትቼ ነገርኳት። «ውይ በሞትኩት!» ብላ ጭንቅላቷን ያዘች። አብረን አስገባነው፣ በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣዋን ስድስተኛ ቀን ጭምር።

ከሰዓት ዮናስ አገልግሎታችንን ከቀን ሁሉ መርጦ ጳጉሜ ሦስትን ጠየቀው። ተንኮለኛ! በትክክል መለሰለት። ሰሚራ «እሷ ናት ያየችው» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች፣ አዳራሹ አጨበጨበ። ዮናስ ቢጫ ወረቀቴን ከግድግዳው ነቅሎ ሰጠኝ፤ «ሰኞ የጠበቅኩት ይሄንን ነበር» አለ። ያውቅ ነበር ማለት ነው? ከማን ሰምቶ?

አቶ ግርማ እጄን ጨበጡኝ። «ጎበዝ! ከእንግዲህ አንቺ ባትኖሪም ይሠራል ማለት ነው።»

ምስጋና ይሁን ስንብት አልገባኝም። ፊታቸውን ደጋግሜ ባየውም ምንም አይነበብበትም።

አመሻሽ ላይ የአያት ታክሲ ስጠብቅ ለእማዬ ደወልኩላት። ለእንቁጣጣሽ እመጣለሁ ስላት እልልታዋን አቀለጠችው። ለበዓሉ ይሁን ጠቅልዬ ግን አልነገርኳትም፤ እኔም አላውቀው።